እህቴ ሜልበርን ከገባች 9 ቀኗ ነው፤ ሜዲኬር (የአውስትራሊያ መንግሥት የጤና ሽፋን) ከአሁኑ ይሠራላታል?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት
ሰላም ወገኖች። ታናሽ እህቴ ናይሮቢ ዓመታት ከቆየች በኋላ ከሁለት ልጆቿ ጋር በ202 (የሰብዓዊ) ቪዛ ገብታለች። የደም ግፊት መድኃኒቷ ለአራት ቀን የሚሆን ብቻ ቀርቷታል። ትልቁን ልጅ ደግሞ ጥርሱ ሌሊት አያስተኛውም። አንድ የማውቀው ሰው «አዲስ ገቢ አራት ዓመት ሳይጠብቅ መንግሥት አይሸፍንለትም» ብሎኝ ክው አልኩ። እኔ የመጣሁት በጋብቻ ስለሆነ የእነሱን ሕግ አላውቀውም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አዲስ ገቢዎችን የሚረዳ
እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። አይዞሽ፣ አራት ዓመት የሚባለው ሜዲኬርን አይመለከትም። እሱ ለአንዳንድ የሴንተርሊንክ (የመንግሥት ድጎማ የሚከፍለው ክፍል) ክፍያዎች፣ ለምሳሌ ለሥራ ፈላጊ ድጎማ፣ የተቀመጠ የጥበቃ ጊዜ ነው። በስደተኛና በሰብዓዊ ቪዛ የመጣ ሰው ከእሱም ነጻ ነው። ከ200 እስከ 204 ባሉት ቪዛዎች የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ፣ ሜዲኬር ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መብቱ ነው።

ኬዝ ወርከር (አዲስ ገቢን እንዲረዳ የተመደበ ሠራተኛ) ካላት ምዝገባውን አብሯት ይጨርሳል። ከሌላት የቪዛ ወረቀቱንና የጉዞ ሰነዱን ይዛችሁ ሰርቪስስ አውስትራሊያ (የሜዲኬርና የሴንተርሊንክ ቢሮ) ሂዱ። በአማርኛ ለማነጋገር 131 202 ደውሉ። ስሟ ቪዛው ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀየር ይጻፍ። የእኛ ልጆች የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ የእናትና የልጅ ስም አይገጥምም። የልጆቹን የልደት ወረቀት ይዛችሁ በእሷ ካርድ ላይ አብራችሁ አስመዝግቧቸው። ሄልዝ ኬር ካርድም (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የቅናሽ ካርድ) በዚያው ጠይቁ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ
መድኃኒቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ነገውኑ ጂፒ (የሰፈር ጠቅላላ ሐኪም) ጋ ቀጠሮ ያዙ። ስትደውዪ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «በልክ ቢል ታደርጋላችሁ?» እና «የሜዲኬር ካርዷ ገና አልደረሰም፣ ችግር አለው?» በልክ ቢል ከሆነ ሐኪሙ ሒሳቡን ከሜዲኬር ይቀበላል፤ እሷ ምንም አትከፍልም። ካስከፈሏት ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ከተመዘገበች በኋላ ሜዲኬር ድርሻውን ይመልስላታል።

የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዛ ትሂድ። የንግድ ስሙ እዚህ ሊለይ ይችላል። ሐኪሙ የሚፈልገው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ መንግሥት የሚደጉመው መድኃኒት በሐኪም ማዘዣ ቢበዛ 25 ዶላር ነው። ሄልዝ ኬር ካርድ ላለው ግን 7.70 ነው። ያለፋቸው ክትባት ካለም ለእሷም ለልጆቹም በነጻ ይሰጣቸዋል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት
እባክሽ ልጁን አስተርጓሚ እንዳታደርጉት። እኔ በገባሁ ጊዜ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀች። ልጄ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። «ምንም የለም በላት» አልኩት። ደም እየፈሰሰኝ ሄጄ፣ ሳልናገር ተመለስኩ። ሌላ ስድስት ወር ተሠቃየሁ።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ይህን ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አለ፣ ቁጥሩ 131 450 ነው። ሜዲኬር ያለው ታካሚ ሐኪም ጋ ሲገባ አይከፍልበትም። ሴት አስተርጓሚ ከፈለገችም ትጠይቅ። አንቺም ቢሆን ውጭ ብትጠብቂያት ጥሩ ነው፤ ለእህት የማይነገር ነገር አለ።

መልስ፦ አምቡላንስ የከፈለ
ሜዲኬር አምቡላንስን አይሸፍንም። እኔ ሳላውቅ ከ1,000 ዶላር በላይ ሒሳብ መጣብኝ። ቪክቶሪያ (ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት) ውስጥ ሄልዝ ኬር ካርድ ያለው ሰው ሕመሙ ለሚያስፈልገው ጉዞ አይከፍልም። ስለዚህ ካርዱን ቶሎ አውጡ። ድንገተኛ ከሆነ ግን ስለ ሒሳብ ሳታስቡ 000 ደውሉ። የመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናው ነጻ ነው።

ጥርስም በአብዛኛው በሜዲኬር አይሸፈንም። ነገር ግን እዚህ ቪክቶሪያ በመንግሥት የጥርስ ክሊኒክ ስደተኞች ቅድሚያ አላቸው፣ አይከፍሉምም። ስትደውዪ «ሪፊውጂ» የሚለውን ቃል ተናገሪ፤ ካልነገርሻቸው ረጅሙ ወረፋ ላይ ያስገቡታል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ጥገኝነት የጠየቀ
እኔ እዚሁ ገብቼ ነው ጥገኝነት የጠየቅሁት። ብሪጂንግ ቪዛ (ውሳኔ እስኪመጣ የሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ) ላይ ነኝ። እኔስ?

መልስ፦ አዲስ ገቢዎችን የሚረዳ
ወንድሜ፣ ያንተ ይለያል። ለቋሚ የጥበቃ ቪዛ አመልክተህ የመሥራት ፈቃድ ካለህ ሜዲኬር ማግኘት ትችላለህ። የሚሰጥህ ሰማያዊው ጊዜያዊ ካርድ ነው። ቀኑ ስለሚያልፍ ሳያልቅ አሳድሰው። ቪክቶሪያ ውስጥ ከሆንክ ካርድ ባይኖርህም የመንግሥት ሆስፒታሎች ጥገኝነት ጠያቂን በነጻ ያክማሉ። ያመለከትክበትን ወረቀት ከኪስህ አትለይ።

ታላቅ እህት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ሐኪም ጋ ገባች። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ እኔ ውጭ ጠበቅሁ። አርባ ደቂቃ ቆየች። መድኃኒቱ ታዘዘላት፣ የደም ምርመራም አለባት። የልጁ ጥርስ ለሐሙስ ጠዋት ተቀጥሯል።