የዓሣ ውድድሩ ሕግ በዋዜማው ተቀየረ!

ጠያቂ፦ ወገኖች፣ በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ጎርጎራ ለሚደረገው የመንጠቆ ውድድር ከጎንደር ስንወርድ አሸናፊው በጠቅላላ ክብደት ይለያል ተብለን ነበር። ዋዜማውን ማታ "በርዝመት ድምር ሆኗል" አሉን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ያናድዳል፤ ጨዋታው ራሱ ተቀይሯል። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደት 8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በክብደት አንድ ትልቅ አምባዛ (ካትፊሽ) ይበቃ ነበር፤ በርዝመት ግን ሁለት ባለ 30 ሳንቲሜትር ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከአንድ ባለ 60 አምባዛ እኩል ነው። ስለዚህ ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ እሰሩ፣ ትል አድርጉ፣ ደንገሉ ዳር ያዙ።

ሌላ መልስ፦ አለካኩንም አስወስኑ፤ አፉ ተዘግቶ፣ የጭራው ሁለት ጫፎች ተገጥመው ወይስ ተዘርግተው? ጭራ ሲገጠም ርዝመት ይጨምራል። ቅሬታችሁን መንጠቆ ከመጣሉ በፊት በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን፤ የመመዝገቢያ ገንዘብ ማስመለስንም እንጨምርበታለን።