ክስ ላይ ያለ ሰው ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉ ፍትሃዊ ነው? ለአንዱ ሲፈቀድ ለሌላው ሲከለከልስ?

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ ግን ሆዴ ውስጥ ስለከረመ ልተንፍሰው። እህቴ በመስሪያ ቤቷ በተፈጠረ የገንዘብ ጉዳይ ከአለቃዋ ጋር በአንድ መዝገብ ተከሳለች፣ እሱ 1ኛ ተከሳሽ እሷ 3ኛ። ሁለቱም በዋስ ወጥተዋል፣ ሁለቱም ላይ ከአገር እንዳይወጡ እግድ ተሰጥቷል፣ ፓስፖርታቸውም ፍርድ ቤት ነው። እስከዚህ እኩል ናቸው። ከዛ አለቃዋ ለህክምና ብሎ አመለከተ፣ ተፈቀደለት፣ ሄዶ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደሞ ለስብሰባ ብሎ አመለከተ እሱም ተፈቀደ። እህቴ ግን ውጭ ያለችው ልጇ ልትወልድ ስለሆነ ሄጄ ላርሳት ብላ ስታመለክት "በቂ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም" ተብሎ በአንድ መስመር ውድቅ ሆነ። ምን ቢቀርብ በቂ እንደሚሆን እንኳን አልተነገራትም።
ጥያቄዬ፣ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንፁህ ነው አይደል የሚባለው? ታዲያ ንፁህን ሰው በምን ሂሳብ ነው የሚያግዱት? ወይስ እግዱ ልክ ሆኖ ስህተቱ ለአለቃዋ መፈቀዱ ነው? አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዛ እያልኩ ነው በእውነት።

ሰሞነኛ፦
ምን ትጠይቃለህ ወንድሜ፣ ያለው ሰው ሲያመው ህክምና ይባላል የሌለው ሲያመው ሰበብ ይባላል። አለቀ።

ጥቁር ካባ፦
ሰሞነኛ እንዳለው ቢሆን ለእኛ ለጠበቆች ስራው ቀላል ነበር 😄 ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።
ነፃ ሆኖ የመገመት መብት በዋናነት የማስረዳት ሸክሙ የማነው የሚለውን ነው የሚመልሰው። አቃቤ ህግ ያስረዳ እንጂ እህትህ ንፅህናዬን ላስረዳ አትባልም። የጉዞ እግድ ደሞ ጥፋተኛ ነሽ ማለት አይደለም። ዳኛው ራሱን መጠየቅ ያለበት በዋናነት አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሰው ከሄደ ለቀጠሮው ይመለሳል ወይ? በ1966 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 12 ማንም ሰው የራሱንም ጨምሮ ከየትኛውም አገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል፣ ግን እዛው ስር በህግ የተደነገገና አስፈላጊ የሆነ ገደብ ይቻላል ይላል። አንቀጽ 9 ደሞ ፍርድ የሚጠባበቅን ሰው ማሰር እንደ ደንብ መወሰድ የለበትም፣ ለቀጠሮ መቅረቡን የሚያረጋግጥ ዋስትና ግን ሊጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ እግዱ በራሱ ሕገወጥ አይደለም።
ወልጋዳው ነገር አሰጣጡ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እግድ ሲሰጥ ስለዚያ ሰው ታስቦ አይደለም፣ ያው የተለመደችው አረፍተ ነገር ከባለፈው ትዕዛዝ ተገልብጣ ስም ብቻ ይቀየራል። መታየት የነበረበት የክሱ ክብደት፣ ቤተሰቡ የት ነው፣ ቤት ንብረቱ የት ነው፣ እስካሁን ቀጠሮ አክብሯል ወይ፣ ሁለተኛ ፓስፖርት አለው ወይ፣ የሚሄድበት አገር ቢቀርስ አሳልፎ ይሰጠናል ወይ የሚለው ነው።
በዚህ ሚዛን የእህትህን ነገር እየው። አለቃዋ ገንዘብ ስላለው የመጥፋት አቅሙ ከሷ ይበልጣል፣ ግን አንዴ ሄዶ ስለተመለሰ ለሁለተኛው ማመልከቻ የመጀመሪያው ምስክር ሆነለት። እሷ መጀመሪያውኑ ስላልተፈቀደላት የሚመሰክርላት ጉዞ የላትም፣ ሁሌም "ያልተፈተነች" ሆና ትቀራለች። አድልዎ ነበረ ባይባል እንኳን ልዩነቱ በራሱ ጊዜ እየሰፋ ይሄዳል።

ምህረት፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም ስለተከሳሽ ነው የምታወሩት ተበዳይስ? እኛ ቤት የደረሰ ስለሆነ ነው የምናገረው፣ አባቴን ያጭበረበረው ሰው "ለአጭር ስራ" ብሎ ተፈቅዶለት ወጣ በዛው ቀረ። መዝገቡ አልተዘጋም አልተከፈተም፣ አባቴ በየቀጠሮው ሄዶ "ተከሳሽ አልቀረበም" የሚለውን ሰምቶ ይመለሳል። የዋስትናው ገንዘብ ለመንግስት ገቢ ሆነ፣ ለአባቴ ምኑም አልደረሰው።
ትልልቆቹንም አይታችኋል። የጃፓኑ መኪና አምራች የኒሳን አለቃ የነበረው ካርሎስ ጎን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ተይዞ 1.5 ቢሊዮን የን ዋስትና ከፍሎ የወጣ ሰው ነው፣ ፓስፖርቶቹ ጠበቆቹ ጋር፣ ከአገር መውጣት ክልክል። በ2019 ዲሴምበር መጨረሻ የድምፅ መሳሪያ ማሸጊያ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከኦሳካ በግል ጄት በኢስታንቡል አድርጎ ቤይሩት ገባ። ሊባኖስ የራሷን ዜጋ አሳልፋ አትሰጥም፣ ከጃፓን ጋር ስምምነትም የላትም፣ አለቀ ደቀቀ። ያን ሁሉ ገንዘብ መወረሱ አላስቆመውም። እና ዳኞች ቢጠነቀቁ ይፈረድባቸዋል?

ሰሞነኛ፦
ምህረት እህቴ ለአባትሽ አዝናለሁ የምሬን ነው። ግን ራስሽ ያመጣሽው ታሪክ እኮ እኔን ነው የሚረዳው። ጎን የሄደው ተፈቅዶለት አይደለም፣ እግዱ እያለ ነው የሄደው! ግል ጄትና ሳጥን ሊከራይ የሚችለውን ሰው እግዱ አልያዘውም። የያዘው ማንን መሰላችሁ፣ አብሮት የተከሰሰውን ግሬግ ኬሊን። አሜሪካዊ ነው፣ ጎን ጥሎት ከሄደ በኋላ እዛው ቶኪዮ ተቀምጦ ችሎቱን ጨረሰ። በ2022 ማርች ከአብዛኛው ክስ ነፃ ወጣ፣ በቀረው የስድስት ወር እስራት ተፈርዶበት እሱም ተገድቦለት፣ ማለትም እስር ቤት ሳይገባ፣ አገሩ ገባ። ስድስት ወር ለማይታሰርበት ጥፋት ከሶስት አመት በላይ ከአገሩ ውጭ ተቀመጠ ማለት ነው። ቅጣቱ የቱ ነው አሁን?

ምህረት፦
ይሄንን አልክድም። ግን እግዱ ጎንን አልያዘውም ማለት ሁሉንም ይልቀቁ ማለት አይሆንም። ጠበቃው ይንገሩን፣ መሃሉ የት ነው?

ጥቁር ካባ፦
መሃሉ ጊዜው ላይ ነው ባይ ነኝ። ከፔሩ የመጣ አንድ ጉዳይ አለ፣ ሰውዬው ክሱ ሳይቋጭ እየተንጠለጠለ ለሰባት አመት ከአገር እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር። የተባበሩት መንግስታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሲወስን በሂደት ላይ ያለ ክስ የመውጣት መብትን ለመገደብ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ሂደቱ ያለአግባብ ከተጓተተ ግን እግዱ ተቀባይነት የለውም ነው ያለው። እኔ በጣም የምወደው ውሳኔ ነው። ምክንያቱም ሲጀመር ልክ የነበረ እግድ ማንም ሳይነካው በዕድሜ ብዛት ብቻ ልክ መሆኑን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ቦታ ግን እግድ አንዴ ከተፃፈ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ተከሳሹ ራሱ ካላመለከተ።
ሌላው፣ ዝም ብሎ ማገድ ሁሉንም አደጋ የሚያስቀር ይመስላቸዋል። የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ነጋዴው አሜሪካዊ ሳም ባንክማን ፍሪድ በ250 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ወጥቶ ወላጆቹ ቤት እንዲቀመጥ ነበር የታዘዘው፣ የትም አልሄደም። ግን እዛው ቁጭ ብሎ ምስክሮች ላይ ጫና ለመፍጠር ሞክሯል ተብሎ በ2023 ኦገስት ዋስትናው ተሰርዞ እስር ቤት ገባ። የሱ አደጋ ድሮም አየር ማረፊያ አልነበረም። ዳኛ አደጋው ምን እንደሆነ ለይቶ ለዛ የሚሆነውን ገደብ ቢያስቀምጥ ነው የሚያዋጣው፣ ያለዚያ ሁሉንም አግዶ አንዱንም አልያዘም።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)፦
ጥቁር ካባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምህረትም አመሰግናለሁ፣ የአባትሽን ሳነብ እውነት ለመናገር ንዴቴ ቀነሰ። እና አሁን በተግባር ምን እናድርግ? እህቴ "ድጋሚ ከጠየቅኩ ዳኛው ይከፋቸዋል" ብላ ፈርታለች።

ጥቁር ካባ፦
ዳኛ በማመልከቻ አይከፋም፣ ባዶ በሆነ ማመልከቻ ግን ይሰለቻል። የመጀመሪያውን ሳላየው ልገምት፣ "ልጄ ልትወልድ ስለሆነ ይፈቀድልኝ" የሚል ግማሽ ገፅ ነው አይደል? ድጋሚ ስትገቡ ከሀኪም የተፃፈ መውለጃዋ መቼ እንደሚጠበቅ የሚገልፅ ወረቀት፣ የደርሶ መልስ ትኬት ቦታ ማስያዣ፣ የምታርፍበት አድራሻ፣ ከስራዋ የፈቃድ ደብዳቤ አያይዙ። ቀኑን ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት እንዲያልቅ አድርጉት፣ መሃል ላይ ቀጠሮ ካለ አትልፉት። ከዛ እናንተው ቀድማችሁ ገደብ አቅርቡ፣ ተጨማሪ ዋስ እናመጣለን፣ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን ፓስፖርቷን ታስረክባለች በሉ። አንተ ዋስ ልትሆን ትችላለህ፣ ግን ካልተመለሰች ያስያዝከው እንደሚወረስ አውቀህ ግባበት።
የአለቃዋን ትዕዛዞች ግልባጭም አያይዙ፣ አንድ መዝገብ ስለሆነ ከሬጅስትራር ታገኛላችሁ። "ለሱ ተፈቅዷል" ብላችሁ ግን አትጩሁ፣ "ፍርድ ቤቱ በዚሁ መዝገብ ላይ በእነዚህ ገደቦች ፈቅዷል፣ እኛም እነዚሁን እንቀበላለን" በሉ። አሁንም በአንድ መስመር ከተከለከለች ምክንያቱ በፅሁፍ እንዲሰጣት ጠይቁ፣ ያለምክንያት የተሰጠ ክልከላ ይግባኝ ላይ ይንገዳገዳል።

ሰሞነኛ፦
ከተፈቀደ በኋላስ ያልቃል? ጓደኛዬ ሙሉ በሙሉ ነፃ ከተባለ በኋላ አየር ማረፊያ ሻንጣው ከገባ ወዲያ መልሰውታል።

ጥቁር ካባ፦
ይሄንን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ፍርድ ቤት እግድ አንስቻለሁ ማለቱና ኢሚግሬሽን ኮምፒዩተር ላይ መነሳቱ ሁለት ነገር ነው፣ መሃል ላይ ደብዳቤ አለ፣ ደብዳቤውን ደሞ የሚያደርሰው ሰው አለ ወይም የለም። ለጊዜያዊ ፈቃድም ለነፃ መውጣትም ያው ነው። ደብዳቤው ወጪ ሲሆን ቁጥሩን ያዙ፣ ግልባጩን በእጃችሁ ያዙ፣ ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ስሟ መነሳቱን በአይናችሁ አረጋግጡ። አየር ማረፊያው ላይ ያለው ልጅ ስክሪኑን እንጂ ውሳኔውን አያይም።