ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ሳሉ ባሰብኝ፣ ሳንባዬ ይመለሳል ወይ?

ባለ4ኛ ፎቅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ 38 ዓመቴ ነው፣ ለ17 ዓመት በቀን አንድ ፓኬት ሳጨስ ነበር፣ ጫት ላይ ስሆንማ ቁጥሩም አይታወቅም። አሁን ካቆምኩ 24 ቀኔ ነው ግን ሳጨስ ያልነበረ ሳል መጣብኝ፣ ጠዋት ጠዋት ቡኒ አክታ ይወጣል፣ ጀሪካን ይዤ ስወጣ 2ኛ ፎቅ ላይ አስቀምጬ ቆሜ ነው የምተነፍሰው። አንድ ክሊኒክ ቱቦ አስነፍተውኝ 68 ፐርሰንት ነው አሉኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠሩ በቃ። ምን ማለት ነው?

የመርካቶ ልጅ፦
አይዞህ ወንድሜ እኔም እንደዛ አርጎኝ ነበር። አየር ቧንቧ ውስጥ አቧራና አክታ ጠርገው የሚያወጡ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ፣ ጭሱ አስተኝቷቸው ከርሞ ስታቆም ይነቃሉ፣ የከረመውን ነው የሚያወጡት። እኔ ወደ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ቢኒ፦
ወተት ጠጣበት ሳንባ ያጥባል። ካማረህም ሺሻ ይሻላል፣ ውሃው ያጣራዋል።

ሲስተር፦
ቢኒ እባክህ 😅 ወተት የሚሄደው ሆድ ነው። ሺሻውም ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ ውሃ አያስቀረውም።
ባለ4ኛ ፎቅ፣ 68 ማለት በመጀመሪያው ሰከንድ አስወጥተህ የነፋኸው አየር በአንተ እድሜና ቁመት ካለ ጤነኛ ወንድ ሲነፃፀር ነው እንጂ 32 ፐርሰንት ሳንባህ ሞቷል ማለት አይደለም። የፈረሱት የአየር ከረጢቶች አይመለሱም፣ አልዋሽህም። ግን የማያጨስ ሰውም ይሄ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚነፋው አየር በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንስበታል፣ አጫሽ ላይ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ካቆምክ ፍጥነቱ ወደ ማያጨሰው ሰው ይጠጋል፣ ትርፉ እሱ ነው። ሌላው ደሞ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው እኛ አገር የአክታ ምርመራ ነው፣ ሲጋራ ለቲቢም ያጋልጣል። ደም ካየህ አንድ ቀን አትደር። ወረቀቱ ላይ ሬሾ የሚል አለ? በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር በጠቅላላ ከነፋኸው ምን ያህሉ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ባለ4ኛ ፎቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ 0.64 ይላል። አክታውን ሰኞ እሰጣለሁ።

ሲስተር፦
ከ0.70 በታች ነው፣ ቧንቧው ጠቧል። ቬንቶሊን ፓፍ (ወደ ውስጥ የሚሳብ፣ ቧንቧውን የሚከፍት መድኃኒት) ሰጥተውህ ደግመህ ነፍተሃል?

ባለ4ኛ ፎቅ፦
ኧረ አንዴ ብቻ ነው የነፋሁት።

ሲስተር፦
እንግዲያው ሰኞ እሱንም አስደግመው፣ ያለሱ አስም ይሁን የሲጋራው ጉዳት መለየት ይከብዳል። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ።