የዕቅድ ውይይት፦ የሮማ አነሣሥና አወዳደቅ ዐውደ ርእይ፣ የጋራው ሐሳብ ምን ይምሰል?

ሰብሳቢ፦
ክቡራን አባላት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ሐሳብ በሦስቱ ክፍሎች ስም ስለሆነ ከመፈረማችን በፊት እዚሁ እንጨርሰው። የተሰጠን አዳራሽ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ ከ6 ሰሌዳና ከ3 ጠረጴዛ በላይ አይችልም። እጄ ላይ ያለው ረቂቅ ከ753 ቅ.ል.ክ. ተነሥቶ 476 ላይ የሚቆም የነገሥታት ስም ዝርዝር ነው። ስሕተት የለበትም፣ ግን ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ሳይደርስ የማይሰለች ሰው የለም። አንድ ጥያቄ እንምረጥና ሁሉም ሰሌዳ ለእሱ ይመልስ። ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ።

የሳንቲም ክፍል፦
ጥያቄው «ወታደሩን ማን ይቀልበው፣ በምንስ ይከፈለው?» ይሁን። አነሣሡም አወዳደቁም በዚህ ይያያዛል።

በሬፑብሊኩ ዘመን ወታደሩ መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ ጋሻና ጦሩን ራሱ ገዝቶ ይዘምታል፣ ሲበቃው ወደ እርሻው ይመለሳል። ጦርነቱ ከጣልያን ወጥቶ እስፓኝና አፍሪካ ሲደርስ ይህ አልሠራም። በ107 ቅ.ል.ክ. የጦር አዛዡ ማሪየስ መሬት የሌላቸውን መለመለ። ከዚያ ወዲህ ወታደሩ ጡረታውን፣ ይኸውም መሬት፣ የሚጠብቀው ከመንግሥት ሳይሆን ከአዛዡ ሆነ፤ ሱላም ቄሳርም ወደ ሮማ የዘመቱት በእንዲህ ያለ ጦር ነው። አውግስጦስ በ6 እ.ኤ.አ. የጦር ግምጃ ቤት አቋቁሞ ከውርስ 5 በመቶ፣ ከጨረታ ሽያጭ 1 በመቶ ቀረጥ መደበለት። ወታደሩ 20 ዓመት አገልግሎ 3,000 ዲናር ይዞ ይወጣል። ዓመታዊ ደመወዙ 225 ዲናር ነው።

ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ስሌቱ ይሠራ። አንድ ሌጌዎን ቁጥሩ ሲሞላ 5,120 እግረኛ ገደማ ነው፤ 10 ክፍለ ጦር አለው፣ ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 480፣ የመጀመሪያው ብቻ 800። በ9 እ.ኤ.አ. በጀርመን ጫካ ሦስት ሌጌዎን ካለቀ በኋላ 25 ቀሩ። 25 በ5,120 በ225 ሲባዛ 28.8 ሚሊዮን ዲናር ይመጣል። ይህ የተራ እግረኛው ደመወዝ ብቻ ነው፤ አለቆች፣ ፈረሰኞች፣ ረዳት ጦርና መርከበኞች አልገቡበትም። ጎብኚው ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ሳንቲሙ ጠረጴዛ ይምጣ።

ሰብሳቢ፦
ጥያቄው ተስማምቶኛል። ጠረጴዛው ላይ ግን ምን ይቀመጣል? እውነተኛ ሳንቲም ለማስጠበቅ አቅም የለንም።

የሳንቲም ክፍል፦
የመዳብ ሽቦ። ቤት ውስጥ የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ አንድ ሜትሩ 22 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። የሮማ ሊብራ ወደ 327 ግራም ስለሆነ 14 ሜትር ከ60 ያህል ይበቃዋል። ሁለት እንዲህ ያለ ጥቅል እናዘጋጅ። አንዱን 84 ቦታ እንቆርጣለን፣ እያንዳንዱ 17.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከኔሮን በፊት የነበረው ዲናር ነው። ሌላውን 96 ቦታ እንቆርጣለን፣ 15.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ኔሮን በ64 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ጎብኚው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው «ከአንድ ሊብራ ብር 12 ሳንቲም ትርፍ» የሚለው ራሱ ይገባዋል።

ክብደቱን መቀነስ ግማሹ ነገር ነው። ብሩ ውስጥ መዳብ መጨመሩን ደግሞ በባቄላ እናሳይ፤ በአንድ ብርጭቆ 20 ፍሬ፣ ነጩ ብር፣ ቀይ የተቀባው መዳብ። በአውግስጦስ ብርጭቆ ውስጥ ሁሉም ነጭ ነው ማለት ይቻላል። በሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ዘመን ግማሽ በግማሽ ይጠጋል። ካራካላ በ215 አዲስ ሳንቲም አወጣ፦ የአንድ ዲናር ተኩል ብር ይዞ በሁለት ዲናር የሚመነዘር። በ270 አካባቢ ይኸው ሳንቲም የብር ድርሻው ከ5 በመቶ በታች ወርዷል፤ ከ20 ፍሬ አንድ ነጭ አይሞላም። መዳቡ ላይ ስስ የብር ቅብ አለ፣ ጥቂት ጊዜ ከእጅ እጅ ሲዞር ይላጣል።

በሽቦው ፈንታ ጭቃ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ አይሆንም። ጭቃ ሲደርቅ ክብደቱ ስለሚቀንስ በመክፈቻው ቀን ሚዛናችን ያጋልጠናል።

የግንባታ ክፍል፦
እኛ ያሰብነው የሮማን ኮንክሪት ነበር። ለጥያቄው የማይመልስ ከሆነ እንተወዋለን፤ ግን የሚመልስ ይመስለናል።

ከስንዴው እንነሣ። አውግስጦስ በሮማ ከተማ ነጻ ስንዴ የሚታደላቸውን ወደ 200,000 ሰው አወረደ። የአንድ ሰው ድርሻ በወር 5 ሞዲየስ (የሮማ የእህል መስፈሪያ) ነው፣ 33 ኪሎ ገደማ፣ የኩንታል ሲሶ መሆኑ ነው። ሲባዛ በዓመት ወደ 800,000 ኩንታል ይደርሳል። ይህ ከግብፅና ከካርታጎ አገር (ከዛሬዋ ቱኒዚያ) በመርከብ ይመጣል፤ የሮማ ወንዝ አፍ ግን ደለል የሞላውና ለማዕበል የተጋለጠ ነበር። ቀላውዴዎስ በ42 እ.ኤ.አ. ገደማ ፖርቱስ ላይ ወደብ ጀመረ። ካሊጉላ ሐውልት ከግብፅ ያስመጣበትን ግዙፍ መርከብ በኮንክሪት ሞልተው አሰጠሙትና የወደቡ ማዕበል መከላከያ መሠረት አደረጉት። ኮንክሪቱ ውኃ ውስጥ ባይጠነክር ይህ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ውኃ ውስጥ የሚጠነክረውንና የማይጠነክረውን ጎን ለጎን እናሳይ። የሚያስፈልገው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እነሱ ከናፖሊ አጠገብ ከፖዙዎሊ ያወጡት ነበር፤ እኛ ከቢሾፍቱ የሚመጣውን ሬድ አሽ እንፈጫለን። መለኪያው የሮማዊው የሕንፃ ባለሙያ የቪትሩቪየስ ነው፦ ለሕንፃ 1 ኖራ ለ3 አመድ፣ ለባሕር ሥራ 1 ለ2። የእኛ 1 ለ3 ይሁን፣ ከወንዝ አሸዋው ጋር ለማወዳደር ይመቻል። በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ 12 እንሥራ፤ 6ቱ ኖራና አመድ፣ 6ቱ ኖራና አሸዋ። ለእያንዳንዱ ዓይነት 2 ሊትር ኖራና 6 ሊትር አመድ ወይም አሸዋ ሲቀላቀል ውኃው ገብቶ 6 ሊትር ያህል ይወጣዋል። 5 ኪሎ ኖራ ለሁሉም ይተርፋል።

የሚበላሸው አራት ቦታ ላይ ነው። ሬድ አሹ እንደመጣ ከተጨመረ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፤ ከኖራው ጋር የሚሠራው እንደ ዱቄት የደቀቀው ብቻ ስለሆነ በዱቄት ወንፊት ይነፋ። ውኃ ጠጥቶ ያልጨረሰ ኖራ ከገባ ኩቡ ከቀናት በኋላ ከውስጥ ይፈነዳል። ውኃ ከበዛ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ሲጨበጥ እጅ ላይ የሚቆም እንጂ የሚፈስ መሆን የለበትም። የመጨረሻው ጥድፊያ ነው። ኖራና አመድ እንደ ሲሚንቶ በሳምንት አይደርስም። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ 8 ሳምንት ይቆይ፣ ፀሐይ አይንካው። «ለጥንቃቄ አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ያን ካደረግን የምናሳየው የሮማን ሥራ ሳይሆን የፋብሪካውን ነው። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፣ ልጆች ያለቀውን ኩብ እንጂ እርጥቡን አይነኩም።

ሰሌዳው ላይ «አርማታ» አይጻፍ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ «የታጠቀ» ማለት ነው፣ በብረት የታጠቀ። ሮማውያን ብረት አላስገቡበትም። 43.3 ሜትር ስፋት ያለው የፓንቴዎን ጉልላት ያለ አንዲት ፌሮ ነው የቆመው፤ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ እየቀለለ ሄዶ ጫፉ ላይ የተቦረቦረ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደርጎበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ወጪው ቀላል ነው፣ እደግፋለሁ። 33 ኪሎ ስንዴውን ግን አንግዛ፣ ከወፍጮ ቤት እንዋስ። በተሸመነ ጆንያ ይቀመጥ፤ እርጥበት ካለው በላስቲክ ሲታፈን ሊሻግት ይችላል፣ ከሻገተ ባለወፍጮው መልሶ አይቀበለንም።

የጽሑፍ ክፍል፦
እኔ አወዳደቁ ላይ ነው ያለሁት። በረቂቁ አምስተኛ ሰሌዳ ላይ የውድቀት ምክንያት ተብለው ዘጠኝ ነገሮች ተደርድረዋል፦ የእርሳስ ቧንቧ፣ ቅንጦት፣ ክርስትና፣ ወረርሽኝ፣ እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ፈተና እናውጣ፦ ምዕራቡ የሮማ ግዛት ሲወድቅ ምሥራቁ ለምን አብሮ አልወደቀም? የምሥራቁ ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ እስከ 1453 ቆማለች። የእርሳስ ቧንቧው ምሥራቅም ነበረ፤ ኖራማ ውኃ ደግሞ ቧንቧውን ከውስጥ ስለሚለብጠው ነገሩ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ክርስትናው በምሥራቅ ይበልጥ የጠነከረ ነበር። ቅንጦቱም እዚያ አልጎደለም። ሦስቱም ፈተናውን ወደቁ፣ ይውጡ።

የሚያልፈው የእናንተው ጥያቄ ነው። ቁስጥንጥንያ በ330 ከተመረቀች በኋላ የግብፅ ስንዴ ወደ እሷ ዞረ፣ ሮማ በአፍሪካ፣ ማለትም በካርታጎ አገር ስንዴ ብቻ ቀረች። በ406 መጨረሻ ቫንዳሎች የሚባሉትና ሌሎች ሕዝቦች የራይንን ወንዝ ተሻገሩ፤ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) እና እስፓኝ ከዚያ ወዲህ የጦር ሜዳ ሆነው ግብራቸው ተመናመነ። የጎቶች ንጉሥ አላሪክ በ410 ሮማን ዘረፈ፤ ዓለሙ ደነገጠ፣ ግምጃ ቤቱን የሰበረው ግን እሱ አይደለም። ጥቅምት 439 የቫንዳሎች ንጉሥ ጌይሴሪክ ካርታጎን ያዘ። በአንድ ቀን የከተማይቱ ስንዴም፣ የምዕራቡ ምርጥ የግብር ምንጭም፣ መርከቡም ሄደ። ሕጎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦ የምዕራቡ ንጉሠ ነገሥት ቫለንቲኒያኖስ ሣልሳዊ ጦሩን ለመቀለብ ከሽያጭ ሁሉ አንድ 24ኛ ቀረጥ ጣለ፤ በ445 ደግሞ በሰሜን አፍሪካ ለነበሩት የኑሚዲያና የጥንቷ ሞሪታኒያ ገባሮች ከስምንት እጅ ሰባቱን ማረ፣ አገሩ ተዘርፎ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ምዕራቡ ይህ ሲሆንበት ምሥራቅ ግብፅን፣ ሶርያንና አናጦልያን እንደያዘ ነበር፣ በ413 የተሠራ ግንብም ነበረው። በ468 ምሥራቅና ምዕራብ ተባብረው ካርታጎን ለማስመለስ የላኩት ትልቅ የመርከብ ጦር በእሳት ተበላ። ከዚያ እስከ 476 ስምንት ዓመት ብቻ ነው። የጦር አዛዡ ኦዶአክር የምዕራቡን የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት፣ ብላቴናውን ሮሙሉስ አውጉስቱሉስን ሲያወርደው ወታደሮቹ የጠየቁት መሬት ነበር። የማሪየስ ወታደሮች የጠበቁት ነገር ተመልሶ መጣ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰሌዳዎቹ ፊት ለፊት ይሰቀሉ።

ሰብሳቢ፦
ወረርሽኙስ? እሱን እንዳታወጡት፣ ከ165 ጀምሮ የነበረው ቀላል አልነበረም።

የጽሑፍ ክፍል፦
ልክ ነው፣ የሳንቲሙ ሰሌዳ ላይ ይግባ። ገባርም ወታደርም ሲቀንስ ብሩን ለማርከስ የሚገፋው ያ ነው። ለ476 ግን ምክንያት ተብሎ አይጻፍ።

ስለ አጻጻፍ ሁለት ነገር። ቀኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ወይም ቅ.ል.ክ. የሚል ይኑረው፤ 476 በእኛ አቆጣጠር 469 ስለሆነ ምልክቱ ከቀረ ተማሪው ተሳስቶ ይወጣል። ስሞቹ ደግሞ አንባቢ በሚያውቃቸው ይጻፉ፦ ሌጌዎንና ዲናር ከወንጌሉ፣ ቆስጠንጢኖስ፣ ዲዮቅልጥያኖስ። የዚህ የመጨረሻው ስም ለእኛ ሰው ስደት ማለት ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከሱ ዘመን፣ ከ284 ነው። ስደቱ አይደበቅ፣ ግን ግብሩን በሰውና በመሬት የደለደለው፣ በ301 የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ያልተሳካለትም እሱ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ዋጋው በአዋጅ ሲታሰር ዕቃው ከገበያ ጠፋ።

የሳንቲም ክፍል፦
ከዚያ ቀጥሎ የቆስጠንጢኖስ ወርቅ ይምጣ፦ ከአንድ ሊብራ 72፣ አንዱ 4.5 ግራም። ብሩ ሲረክስ ወርቁ ለብዙ መቶ ዓመት አልተነካም። አክሱምም የምትገባው እዚህ ነው፣ ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ ታትም ነበርና። የአክሱሙ ንጉሥ የእንዱቢስ ወርቅ ላይ ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፣ ገንዘቡ ለሮማ ነጋዴ እንዲነበብ ነው። አንድ ፎቶ ከሁለት መስመር ጽሑፍ ጋር፣ ከዚያ በላይ ከሰፋ ሌላ ዐውደ ርእይ ይሆናል።

ሰብሳቢ፦
እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦ ሰሌዳ 1 የገበሬው ወታደርና ማሪየስ፣ 2 አውግስጦስና ስሌቱ፣ 3 ስንዴና ወደብ፣ 4 የብሩ መርከስ ከወረርሽኙ ጋር፣ 5 ዲዮቅልጥያኖስና ቆስጠንጢኖስ፣ 6 ከካርታጎ እስከ ኦዶአክር። ሦስቱ ጠረጴዛዎች ሽቦና ባቄላ፣ የስንዴ ጆንያ፣ ኩቦቹ ናቸው። በየሰሌዳው ከ120 ቃል አይበልጥ፤ የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ፣ መስመሩም ሰፋ ይበል፣ ፊደላችን ከተጨናነቀ ከሜትር ተኩል አይነበብም። ተቃውሞ ያለው?

የግንባታ ክፍል፦
የለንም። ኩቦቹ ውኃ ውስጥ የሚገቡት በመክፈቻው ጠዋት በሰው ፊት ይሁን፣ ቀድመው ከገቡ የአሸዋው ፈርሶ ዝቃጭ ብቻ ይታያል። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ለመለዋወጫ ይቀመጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
8 ሳምንቱ ከመክፈቻው ወደ ኋላ ሲቆጠር ኩቡ በሚቀጥለው ሳምንት መመታት አለበት። ኖራውንና ጓንቱን ነገ አስገዛለሁ፤ ሬድ አሹን ማን እንደሚያስፈጭ ዛሬ ንገሩኝ።