ፋብሪካ የሚባለው ነገር ከምን ጀመረ? ከእንፋሎት ሞተር ነው ወይስ ከክር?

ሰላም_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜን ለታሪክ ፈተና እያስጠናሁት ነበርና ደብተሩ ላይ "የኢንዱስትሪ አብዮት የጀመረው በጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ነው" ብሎ ጽፏል፣ እኔም የተማርኩት እንደዛው ነው። ግን ዓመቶቹን ስናያቸው አልገጥም አሉን። ሪቻርድ አርክራይት እንግሊዝ ሀገር ክሮምፎርድ በሚባል ቦታ ያቋቋመው ክር ፋብሪካ በ1771 ነው የተጀመረው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ የዋት ሞተሮች ስራ ላይ መዋል የጀመሩት ደግሞ 1776። እና ፋብሪካው ከሞተሩ ቀደመ ማለት ነው? ከቀደመስ በምን ነበር የሚዞረው? ሌላው ግራ ያጋባኝ ደሞ ከሁሉም ነገር ለምን ክር ቀደመ የሚለው ነው፣ ዱቄት አለ ብረት አለ ጫማ አለ ለምን ጥጥ ተመረጠ? ልጁን ዝም ብለህ ሸምድደው ማለት አልፈለኩም፣ የምታውቁ እስቲ አስረዱን።

የሸማኔ_ልጅ፦
እህቴ ጥርጣሬሽ ልክ ነው፣ ፋብሪካው ቀድሟል። የሚዞረውም በውሃ ነው፣ ወንዝ ዳር እንዳለ የእህል ወፍጮ ማለት ነው፣ እንደውም እንግሊዞች ያኔ ፋብሪካውን የሚጠሩበት ቃል ራሱ ወፍጮ የሚለው ነው። ለምን ክር ላልሽው ግን ትንሽ ሰፋ አርጌ ላውራ ምክንያቱም እኛ ቤት ያለ ነገር ነው።

አባቴ ሸማኔ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ነው ያደኩት። አንድ ሸማኔ ሲሰራ ክር አያበረክትለትም፣ ልጅ ሆኜ እናቴና አክስቴ ጎረቤታችንም ተጨምራ ሲፈትሉ ውለው አባቴ ገና በጠዋቱ "ማግ አለቀ" ሲል ነው ትዝ የሚለኝ። እንግሊዝ ሀገርም ያው ነበር፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ለአንድ ሸማኔ አራት አምስት ፈታይ ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ደሞ በ1733 ጆን ኬይ የሚባል ሰው መወርወሪያውን (ማጉን በድሩ መሀል የሚያሳልፈውን እቃ) በገመድ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ እንዲሮጥ አረገውና ሸማኔው ፈጠነ፣ ሸማኔው ሲፈጥን ክሩ የባሰ ጠፋ። ስለዚ የሁሉም ሰው ጭንቀት ብዙ ክር እንዴት ይፈተል የሚለው ሆነ።

1764 አካባቢ ጄምስ ሃርግሪቭስ የሚባል ሸማኔ ጄኒ የምትባለውን ሰራ፣ አንድ ሰው በእጁ እያዞረ መጀመሪያ 8 እንዝርት ባንዴ የሚፈትልባት ማለት ነው። ጄኒ ጓዳ ውስጥ ትገባለች ፋብሪካ አያስፈልጋትም። ግን የጄኒ ክር ልል ነው፣ ለማግ ይሆናል ለድር አይሆንም። ቁም ነገሩ እዚህ ጋር ነው ያለው። ሽመና ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ድር ከጫፍ ጫፍ ተወጥሮ ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ሲፋተግ የሚውል ክር ነው፣ ካልጠነከረ ይበጠሳል፣ አንዱ ሲበጠስ ደሞ ስራው ይቆማል። ማግ ግን በመሀል ማለፍ ብቻ ነው ስራው። እንግሊዞች ጠንካራ የጥጥ ድር መፍተል ስላቃታቸው ድሩን ከተልባ ተክል በሚወጣ ክር ነበር የሚሰሩት፣ ማጉን ብቻ ነው ጥጥ የሚያደርጉት።

አርክራይት በ1769 ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣበት ማሽን የጥጥ ድር የሚፈትል ማሽን ነው። ግን ከባድ ነው፣ በሰው እጅ አይገፋም፣ መጀመሪያ ኖቲንግሃም ላይ በፈረስ ሞከረው ከዛ ወደ ክሮምፎርድ ውሃ ዳር ሄደ። ማሽኑ ጓዳ ስለማይገባ ለማሽኑ ቤት ተሰራለት፣ ሰውየውም ከቤቱ ወጥቶ ወደ ማሽኑ መሄድ ጀመረ፣ ፋብሪካ ማለት ይሄ ነው። እኛ ቤት ዛሬም እናቴ የምትፈትለው ማጉን ነው፣ ድሩ ከሱቅ የሚገዛ የፋብሪካ ክር ነው። ለወንድምሽ ይሄን ካሳየሽው አይረሳውም።

ክር_ክፍል፦
ከላይ ያለው ወንድሜ በጣም ጥሩ አርጎ ገልጾታል፣ እኔ ክር ፋብሪካ ስፒኒንግ ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሰርቻለሁ እና ስለማሽኑ ልጨምር። እናቶቻችን ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው በጣታቸው እየሳቡ ያቀጥኑታል በቀኝ እንዝርቱን ያሾራሉ አይደል፣ ከባዱ ማሾሩ አይደለም መሳቡ ነው፣ የት ጋር ወፈረ የት ጋር ቀጠነ የሚለውን ጣት ነው የሚያውቀው። አርክራይት ማሽን ላይ ጣቱን የተካው ሮለር ነው። ጥጡ በጥንድ ጥንድ ሮለሮች መሀል ያልፋል፣ የፊተኛው ጥንድ ከኋለኛው ይፈጥናል፣ ስለዚ ጥጡ በመሀል ይሳብና ይቀጥናል ከዛ ይጠመዘዛል። በሮለሮቹ መሀል ያለው ርቀት ከጥጡ ጭረት (ከቀጫጭኑ የጥጥ ፀጉር) ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት፣ ከጠበበ ጭረቱ ይበጠሳል ከሰፋ ክሩ አንዴ ይወፍራል አንዴ ይሳሳል። እኔ የምሰራበት ሪንግ ፍሬም (የዛሬው የክር መፍተያ ማሽን) ላይ ዛሬም ጥጥ ሲቀየር መጀመሪያ የምናስተካክለው ይሄንኑ ርቀት ነው፣ አንድ ቀን ሳይስተካከል ተነስቶ ሙሉ ሺፍት ክር እየተበጠሰ ስንቀጥል ያደርንበትን አልረሳውም።

ደሞ ሮለሩን መጀመሪያ ያሰበው አርክራይት አይደለም። ሉዊስ ፖል እና ጆን ዋያት በ1738 ፓተንት አውጥተውበታል ግን አልሰመረላቸውም። አርክራይት ፀጉር አስተካካይና ሰው ሰራሽ ፀጉር ነጋዴ ነበር፣ ማሽኑን የሰራለት ጆን ኬይ የሚባል ሰዓት ሰሪ ነው (የመወርወሪያው ጆን ኬይ አይደለም ስማቸው ነው የገጠመው)። በ1785 ፍርድ ቤት ፓተንቱን ሰረዘበት። ቢሆንም ነገሩን አንድ ላይ አሰባስቦ ከጥጥ ማበጠር እስከ ክር ድረስ በተከታታይ እንዲሄድ ያደረገው እሱ ነው፣ ለኔ ትልቁ ስራው እሱ ነው።

ሰላም_ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም፣ ድርና ማጉን አጎቴ ቤት ወስጄ አሳየሁት ልጁ አሁን እሱ ነው ለኔ የሚያስረዳኝ። ግን ጄምስ ዋት ታዲያ የት ገባ? ዝም ብሎ ነው ስሙ የገነነው?

ከእንግሊዝ፦
አይ ዝም ብሎ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው የዘገየው። የእንፋሎት ሞተር እራሱ ከዋት በፊት አለ፣ ቶማስ ኒውኮመን በ1712 ከከሰል ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ተጠቅሞበታል፣ ግን ከሰል በጣም ነው የሚበላው፣ ከሰሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ካልሆነ አያዋጣም። ዋት የከሰሉን ፍጆታ ቀነሰ፣ በኋላም በ1780ዎቹ ሞተሩ ፓምፕ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መዘውር እንዲያዞር አደረገው። የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የገባው በ1785 ነው፣ ፓፕልዊክ የሚባል ቦታ። ከአርክራይት 14 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ልዩነት ያመጣው ቦታ ላይ ነው፣ ውሃ ባለበት ይቀራል ስለዚ ፋብሪካው ገጠር ወንዝ ዳር ሄዶ ሰራተኛ መፈለግ ነበረበት፣ በሞተር ከሆነ ግን ከሰል አምጥተህ ሰው ያለበት ከተማ ትተክለዋለህ፣ ማንችስተር የገነነችው እንደዛ ነው።

እኔ ከክሮምፎርድ ብዙ አልርቅም፣ ባለፈው ኦገስት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የገረመኝ ግንቡ ነው፣ በመንገዱ በኩል ታች መስኮት የለውም ምሽግ ነው የሚመስለው። ምክንያት አለው፣ ፈታዮች እንጀራችንን ሊቀማን ነው ብለው በ1768 የሃርግሪቭስን ማሽኖች ሰባብረዋል፣ በ1779 ደሞ የራሱን የአርክራይትን ሌላ ፋብሪካ ቾርሊ አጠገብ አውድመውበታል። ውሃው ደሞ ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ የሚወርድ ለብ ያለ ውሃ ስለሆነ በክረምት በረዶ አይዘውም፣ ለዛ ነው ያን ቦታ የመረጠው።

ደወሉ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይደወላል፣ 12 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፣ ያረፈደ ደሞዙን አጣ። ማታም 11 ይደወላል 12 የማታ ሺፍት ይገባል፣ ማሽኑ 24 ሰዓት አይቆምም። ብዙዎቹ ሰራተኞች ልጆች ነበሩ ከ7 ዓመት ጀምሮ። ትንሿ ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ እጄን ይዛ "እኔም እገባ ነበር?" አለችኝ። ትገቢ ነበር አልኳት፣ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ትንሽ ወረድ ብሎ ለሰራተኞች በ1776 የሰራቸው ቤቶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ባለ ሶስት ፎቅ ናቸው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ አባት ይሸምናል እናትና ልጆች ፋብሪካ ይወርዳሉ። ከ9 ዓመት በታች ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር ተብሎ ተቆጣጣሪ የተመደበበት ህግ የወጣው በ1833 ነው፣ ክሮምፎርድ ከተጀመረ 62 ዓመት በኋላ!

ጥጡ_ከየት፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን አንድ ነገር ተዘሏል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፍሬ ጥጥ አይበቅልም። ጥጥ የሚለብሰው፣ የሚያውቀው፣ የሚያመርተው ህንድ ነበር፣ የህንድ ጨርቅ የእንግሊዝን ገበያ ስላጥለቀለቀው ፓርላማው በ1700 እና በ1721 በህግ ከለከለው። ገበያው ተከልሎ ከቆየ በኋላ ነው እነ አርክራይት በ1774 ንጹህ የጥጥ ጨርቅ እዛው ሀገር ውስጥ እንዲሰራ ህግ ያስቀየሩት። ጥሬ ጥጡ ደሞ ከካሪቢያን ደሴቶች ይመጣ ነበር፣ በኋላ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ሁለቱም ጋር የሚለቅመው በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነው። በ1793 የኤሊ ዊትኒ የጥጥ መፈልፈያ ሲመጣ ፍሬ ማውጣቱ ቀለለና ባርነቱ ይቀንሳል ሲባል ባሰበት። የክሮምፎርድን ሮለርና ውሃ ለልጁ ስታስረጂው ይሄንንም ንገሪው።

ሌላው ደሞ ስለ ድር የተባለው፣ ለእንግሊዝ እውነት ነው ግን በእጅ ድር አይፈተልም ማለት እንዳይሆን። የህንድ ሴቶች ድሩንም ማጉንም በእጅ ይፈትሉ ነበር፣ የኛም አያቶች እንደዛው። እንግሊዞች ያንን እጅ ስላላገኙት ነው ሮለር የሰሩት።

የሸማኔ_ልጅ፦
ትክክል ነህ ወንድሜ፣ እሱን ዘልዬዋለሁ። ጽሁፍህን ካነበብኩ በኋላ ማታ እናቴን ድር ፈትለሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየኳት። እኔ አልደረስኩበትም እናቴ ግን ትፈትል ነበር አለች፣ እንዝርቱን አንስታም አንድ ክንድ የሚሆን ፈተለችልኝ፣ ከማግ ይልቅ በጣም አጠበቀችው፣ እየሳበች ደጋግማ ትጠመዝዘዋለች። አባቴ ተቀበላትና በሁለት እጁ ወጠረው፣ አልተበጠሰም። ከዛ አንዱን ጫፍ ለቀቅ ሲያረገው ክሩ ራሱ ላይ ተጠቅልሎ ተቋጠረ። "ይሄን ይሄን ለአንድ ጋቢ ስትፈትል ክረምቱ ያልቅ ነበር" አለችኝ።