የሐዋሳና አዳማ ቪፒኤን፦ ፒንግ ይሠራል፣ የዕቃ ዝርዝሩ ግን አይከፈትም

ታቦር ሥር
ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ፒያሳ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ኔትወርክ የምይዘው እኔ ነኝ። አዳማ ቅርንጫፍ አለን። የዕቃ መመዝገቢያው ሰርቨር እዚህ ስለሆነ፣ የአዳማዋ ካሸር የምትገባው በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር ነው። ሁለቱም ጋ ማይክሮቲክ ራውተር አለ። መስመሩን የሚያመሰጥረው አይፒሴክ ነው፣ ቁልፍ የሚለዋወጠው በአይኬ ቨርዥን 2። አድራሻዎቹ አይጋጩም፤ ሐዋሳ 192.168.10.0፣ አዳማ 192.168.20.0።

ቱነሉ (የቪፒኤኑ መስመር) ተነስቷል። ከአዳማ ሰርቨሩን ፒንግ (መድረሱን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ሳስደርግ አንድም አይጠፋም። የመግቢያው ገጽም ይከፈታል። ገብታ የዕቃ ዝርዝሩን ስትጠይቀው ግን ነጭ ገጽ ሆኖ ይቀራል። ቆርቆሮ ፈልጎ የመጣ ሰው ፊቷ ቆሞ ለእኔ ትደውላለች። እኔ ከዚህ አነብላታለሁ፣ እሷ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጋሼ እስካሁን አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሁለቱንም ራውተር ኮንፊገሬሽን ከታች ለጥፌያለሁ።

የአዳማ ልጅ
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የለጠፍከውን አንሳው። የቱነሉ የሚስጥር ቁልፍ ይነበባል። ማን እንዳየው ስለማይታወቅ ማንሳቱ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱም ራውተር ላይ ቀይረው።

ወደ ጉዳዩ ስመጣ፣ ናቱ (የፓኬቶችን አድራሻ የሚቀይረው) ደህና ነው። ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ የሚሄደውን ከማስኬሬዱ (የውስጡን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ ከሚተካው ሕግ) በላይ አስቀድመህ አሳልፈኸዋል። እሱ ቢሳሳት ፒንግም አይሠራም ነበር። እኔ የምጠረጥረው ፋስትትራክን ነው። የተለመደው መረጃ የሚጓዝባቸውን ቲሲፒና ዩዲፒን በአቋራጭ ሲያሳልፍ አይፒሴክን ይዘለዋል። ፒንግን ግን አይነካም። ለሙከራ ሁለቱም ጋ አጥፋውና ንገረን።

ታቦር ሥር
ቁልፉን ቀየርኩት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፋስትትራኩንም አጠፋሁ። ለውጥ የለም። መግቢያው ይከፈታል፣ ዝርዝሩ አይከፈትም።

አሮጌ ኬብል
ፍንጩ እሱ ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ዊንዶውስ ፒንግ ሲያደርግ የሚልከው 32 ባይት ብቻ ነው። 32 ባይት የትም ያልፋል፤ ስለዚህ በፒንግ አትጽናና።

ከመስመሮችህ አንዱ በፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ የኢንተርኔት መስመር) ከሆነ፣ ከፓኬቱ ትልቁ ልክ ከ1500 ባይት ላይ 8 ይቀነስና 1492 ይቀራል። አይፒሴክ ደግሞ ፓኬቱን ሌላ ፓኬት ውስጥ ይከተዋል፤ ያም የራሱን ቦታ ይወስዳል። ሰርቨሩ ይህን ከየት ያውቃል? ዝርዝሩን 1500 የሞሉ ፓኬቶች አድርጎ፣ «እንዳይቆረጥ» የሚል ምልክት ለጥፎ ይልካል። ራውተሩ «አልቻልኩም፣ አሳንስልኝ» ብሎ በአይሲኤምፒ (ፒንግም የሚሄድበት የኔትወርክ መልእክት) ይመልሳል። ያ መልስ ሰርቨሩ ጋ ካልደረሰ፣ ሰርቨሩ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ካሸሯም ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች።

ከአዳማው ኮምፒውተር እንዲህ ሞክር። ፒንግ ስታደርግ በኤፍ መቆረጥን ከልክል፣ በኤል መጠኑን ስጠው። ከ1472 ጀምረህ ውረድ። ባለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ የፒንጉን ራስጌ 28 ጨምር፤ የቱነሉ ልክ እሱ ነው። ከእሱ ላይ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ 40 ስትቀንስ የቲሲፒ ኤምኤስኤስ (አንድ ፓኬት የሚይዘው ትልቁ መረጃ) ይመጣልሃል። ማንግል (ራውተሩ ፓኬቶችን የሚያስተካክልበት ክፍል) ውስጥ ገብተህ፣ ግንኙነት የሚከፍቱት የሲን ፓኬቶች ላይ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገህ እሰረው። በሁለቱም አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል።

ታቦር ሥር
ተከፈተ! 1472 አላለፈም፣ 1400ም አላለፈም። 1394 አለፈ፣ 1395 ቆመ። 28 ሲጨመር 1422 ነው። ኤምኤስኤሱ 1382 ይሆን ነበር፤ ለመጠባበቂያ 1360 ላይ አሰርኩት። ካሸሯ ስልክ ላይ ነበረች። «መጣ! መጣ!» ስትል ሰማኋት።

የአይሲኤምፒውንም ነገር አገኘሁት። ሰርቨሩ ላይ ከፒንግ በቀር አይሲኤምፒን ሁሉ የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ ለጥንቃቄ ብዬ ነበር። አሁን «አሳንስ» የሚለው መልእክት እንዲገባ ከፍቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አዳማ መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ይቀየራል፣ ቱነሉም በራሱ አይነሳም። ሐዋሳ ቋሚ አድራሻ አለን።

የአዳማ ልጅ
እንግዲያው ጥሪውን ሁልጊዜ አዳማ ይጀምር። ሐዋሳ ተቀባይ ብቻ ይሁን፣ ከየትኛውም አድራሻ ይቀበል። የሚተዋወቁት ደግሞ በአይፒ ሳይሆን በመለያ ስም ይሁን። ለማንም በሩን ስለምትከፍት ቁልፉን በጣም አርዝመው። ሐዋሳ ጋ ዩዲፒ 500 እና 4500 ክፍት መሆናቸውን አረጋግጥ። ዲፒዲንም አብራው፤ የሞተውን ግንኙነት ቶሎ እንዲያውቅ።

የአዳማው ራውተር ያገኘውን አድራሻም እየው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የጋራ ናት ሥር ነህ፤ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል ማለት ነው። ያኔ ሐዋሳ ቢጠራው አይደርሰውም፤ መጥራት የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ታቦር ሥር
አየሁት፣ በ100.72 ነው የሚጀምረው። ለካ ከሐዋሳ እየደጋገምኩ ስጠራው የማይመልሰው ለዚህ ነው። እሁድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ አዳማ ራሴ እሄዳለሁ። ራውተሩን ነቅዬ ስሰካው ቱነሉ በራሱ ሲነሳ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ውጤቱን ማታ እዚሁ እጽፋለሁ።