ዝንቦቼ አልተማሩም ወይስ ረሱት?

ጥያቄ፦
የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምሠራው ደንስ በተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን ባለባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ነው። ሁለት ሽታ ተራ በተራ እለቅባቸዋለሁ። አንደኛው ሲመጣ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል፣ በሌላኛው ምንም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱን ሽታ ግራና ቀኝ አድርጌ አስመርጣቸዋለሁ። ጤነኞቹ ከነዘራቸው ሽታ ይሸሻሉ። የኔዎቹ ግማሽ በግማሽ ይከፈላሉ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ግራ የገባኝ ግን ይሄ ነው። ደንስ ሳይክሊክ ኤኤምፒን (በሴል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል ነው) የሚሰብረውን ኢንዛይም ይሠራል። ሲበላሽ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል። ለትውስታ የሚያስፈልግ ነገር በዝቶ እንዴት ትውስታ ይጠፋል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ማሽተታቸውንና ንዝረቱ የሚሰማቸው መሆኑን ለየብቻ አይተሻል?

ጠያቂዋ፦
አዎ። ሳይሠለጥኑም ከሁለቱም ሽታ ይሸሻሉ፣ ከንዝረቱም ይሸሻሉ።

መልስ 2፦
እንግዲያው ችግሩ ትውስታው ላይ ነው። እህቴ፣ ዋናው ነገር መብዛቱ ሳይሆን የትና መቼ መብዛቱ ነው።

ዝንብ ሽታ የምትማረው በዋናነት የእንጉዳይ ቅርጽ ባለው የአንጎሏ ክፍል ነው። በየጎኑ 2,000 ገደማ ነርቮች አሉት፤ ለአንድ ሽታ የሚነቁት ጥቂቶቹ ናቸው። በነዚያ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። ንዝረቱ ሲመጣ ደግሞ ዶፓሚን የተባለ የነርቭ ኬሚካል ይለቀቃል፤ ለነቁትም ላልነቁትም ይደርሳል። ሩታባጋ የተባለው ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ሳይክሊክ ኤኤምፒን በብዛት የሚያመርተው ሁለቱ ሲገጣጠሙለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ሽታውን በያዙት ነርቮች ላይ ብቻ ያርፋል። ደንስ ሲበላሽ ግን የሚያጸዳ የለም፣ ሁሉም ቦታ ይሞላል። መስመሩ በሙሉ የተሰመረበት ደብተር በዪው፤ የትኛው ቁም ነገር እንደሆነ አይለይም። ሩታባጋ ሲበላሽ ደግሞ በበቂ አይመረትም፤ ውጤቱ ያው መርሳት ነው።

የምወደው ሙከራ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሩታባጋ ለተበላሸባቸው ዝንቦች ጤነኛውን ጂን በዚያ ክፍል ብቻ ሲመልሱላቸው ሽታ መማር ቻሉ!

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰዓት በጣም ረጅም ነው። ደንስ በ1976 እ.ኤ.አ. በሳይንቲስቱ ሲሞር ቤንዘር ላብራቶሪ ሲገኝ መማር የማይችል ዝንብ ተባለ። በኋላ ቶሎ ሲፈትኑት በመጠኑ ይማራል፣ ግን ወዲያው ይረሳል። ከሥልጠናው ሁለት ደቂቃ በኋላ ሞክሪ።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ሞከርኩት። ከጤነኞቹ ያነሱ ቢሆኑም አብዛኞቹ ሸሹ። በግማሽ ሰዓት ግን ጠፍቶባቸዋል። ነገ በ10 እና በ20 ደቂቃ እፈትናቸዋለሁ።